ከመሃል ወንዝ የተቀዳ ውሃ

ባንቺዓለም ከእናቷ ደጅ ስትነሳ የችቦው ጢስ ገና ከሞጣ ጎጆዎች ላይ አልለቀቀም ነበር። አዲስ ዓመት ነው። አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ የመጡ ልጃገረዶች የወለተ ሐና አጥር ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ጠፋ፤ አንገታቸውን ደፍተው በሌላ መንገድ ዞሩ።

ወለተ ሐና መድረኩ ላይ ተቀምጠው ወደ ዘንጊት ወንዝ ያያሉ። ከሩፋኤል ቀን ወዲህ ከዚያ አልተነሱም።

«እምዬ፥ ልሄድ ነው» አለች ባንቺዓለም። ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አስራለች። በትከሻዋ የበሶ ስልቻና አንድ አዲስ አቡጀዲ አንግታለች።

«ወዴት?»

«ፋንታን ልፈልግ።»

እናቷ አቡጀዲውን አዩት። ለመግነዝ እንደሆነ ገብቷቸዋል። «ይህን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ» አሉ። «ልጄ ውሃ ሊቀዳልኝ ነው የወረደው። ቀድቶ ይመጣል።»

ሊያለቅስ የመጣውን ጎረቤት በከዘራ አባረውታል። ቄሶቹም አስከሬን በሌለበት ምን ብለን እንፍታ ብለው ተመልሰዋል። ሞት ገብቶበት ለቅሶ የተከለከለ ቤት ሆነ። ባንቺዓለም የወንድሟን መጨረሻ ይዛ ካልተመለሰች እናቷ እዚያው መድረክ ላይ እየጠበቁ እንደሚያልቁ አውቃለች።

ነገሩ የሆነው ጳጉሜን ሦስት ነው። በዚያ ቀን ሰማይ ይከፈታል፥ ውሃ ሁሉ ይባረካል ተብሎ አገሩ በሙሉ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ወለተ ሐናን የጉልበት ቁርጥማት ክረምቱን ሙሉ ሲያሠቃያቸው ከርሟል። ቅሉን ለልጃቸው ሲሰጡ «ዳር ዳሩን የስንቱ ገላ ታጥቦበታል፤ አንተ ከመሃሉ ቅዳልኝ» አሉት። ፋንታ አሳ አጥማጅ ነው፤ ወንዙን ያውቃል። ዘንጊት ግን ያን ቀን ሞልታ፥ ጭቃ መስላ፥ ድንጋይ እያንከባለለች ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እሱም አይገባባትም። በሩፋኤል ቀን ግን ውሃ ማን ይፈራል? የቅሉን ጠፍር እጁ አንጓ ላይ አስሮ እየሳቀ ገባ። ሰው እልል አለለት። መሃሉ ላይ ደርሶ ቅሉን ነክሮ ቀዳ፤ በውታፉ ወተፈና ለእህቱ ከፍ አድርጎ አሳያት። ወዲያው ከላይ ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ መጣ።

ከመንደሩ ጫፍ፥ ከብሳናው ሥር፥ ጓዴ ቆሞ ይጠብቃታል። ሸምገል ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ የውሃ ነጸብራቅ ሲያዩ የኖሩት ዓይኖቹ ሁልጊዜ ጨፈን ጨፈን ይላሉ። ለፋንታ ወንዙን ያስተማረው እሱ ነው። በእጁ የአሳ ጦር ይዟል፤ ወገቡ ላይ ረጅም ጠፍር ጠምጥሟል፤ ጀርባው ላይ አፉ የታሰረ አቅማዳ አለ።

«ማን ጠራህ?» አለችው ባንቺዓለም።

«ማንም።»

«ወንድሜን ለዚህ ውሃ የዳርከው አንተ ነህ።»

«አዎ» አለ ጓዴ። «ስለዚያ ነው የመጣሁት። ከፏፏቴው በታች ያለውን ገደል የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለሽ እሱን ጥሪ።»

ሌላ ሰው አልነበራትም። እስከ ሩፋኤል ዋዜማ ድረስ «ጋሼ ጓዴ፥ እርስዎ» ትለው የነበረውን ሰው አንተ እንዳለችው አልፋው ሄደች። እሱም ተከተላት፤ ጥቂት እንደሄዱም መንገድ ለመምራት ቀደማት።

ዘንጊት ከጮቄ ተራራ እግር ሥር ከሚፈልቁ ምንጮች የምትነሳ ወንዝ ናት። በበጋ ከሥሯ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ክረምት ሲወጣ ሌሎቹ ወንዞች ገና እንደቀሉ እሷ ቀድማ ትጠራለች፤ የምንጭ ልጅ ናትና። ያን ጠዋት ዳር ዳሯ ካፈርነት ወደ አመድነት መለወጥ ጀምሯል። በሁለቱም በኩል ያለው ሣር እስከ ወገብ ደርሷል። ከዋንዛው ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። አገሩ አምሮበታል፤ ባንቺዓለምን አንገሸገሻት።

«መጥራት ጀምራለች» አለ ጓዴ። «ስትጠራ ትጎድላለች። ስትጎድል የያዘችውን ወይ ጥላው ትሄዳለች፥ ወይ ለዓባይ ታስረክባለች።»

«ዓባይ ከገባስ?»

«ዓባይ ከገባ፥ እኔና አንቺ ተመልሰን መሄድ ነው።»

ውሃው ተኝቶ በሚዞርበት በእያንዳንዱ ጥልቅ ቆሙ። ጓዴ በጦሩ እጀታ ከሥሮቹ መሃል ይጎረጉራል፤ ባንቺዓለም በሌላው ዳር ከቄጠማው ውስጥ ትፈልጋለች። የሞተ ፍየል አገኙ። የተሰበረ ሞፈር አገኙ። ፋንታን አላገኙም።

አንዱ ጥልቅ ጋ ጓዴ ቆሞ ቀረ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃው ላይ ወጣ ብሎ ተቀምጧል፤ ድንጋዩ መሃል ላይ ሰው በመቀመጥ ብዛት ያለሰለሰው ቦታ አለ።

«ይህ የሱ ነው» አለ። «ከፈረስ ጭራ የፈተለውን ገመድ እዚህ ነበር የሚጥለው። ነጭ አሳ ሲይዝ መጀመሪያ ያናግረዋል። ‹ይቅር በለኝ፥ የቢቸና ሾፌር ጾም ይዞ ተርቧል› ይለዋል። ትንሹን ይመልሰዋል። ‹አድገህ ና፥ አንተን ለሻምበል ነው የምሸጥህ› እያለ።»

ባንቺዓለም ሳታስበው ፈገግ አለች። ወዲያው ተናደደች። «አታውራልኝ» አለችው። «አንተ ስታወራው የሞተ ይመስላል።»

ከቀትር በኋላ ጮቄ ጠቆረ። ደመናው ከተራራው ተንዶ ሸለቆውን ሞላው። መጀመሪያ ነፋሱ ሣሩን ወደ መሬት ደፋው፥ ከዚያ በረዶ ወረደ። የበረዶው ጠጠር ጭንቅላታቸውን፥ ትከሻቸውን፥ እጃቸውን ደበደበ። ጓዴ ፊት ለፊት ወደ ዘንጊት የሚገባውን ጅረት በጦሩ አሳያት። «ከመሙላቱ በፊት እንሻገር! ከሞላ ሁለት ቀን ይይዘናል!»

የጠፍሩን አንድ ጫፍ ከግራር ግንድ ጋር አሰረ፥ በሌላው ወገቡን አሰረና ገባ። ውሃው ጭኑ ላይ ነበር፤ መሃል ሲደርስ ደረቱን ነካው። እግሩ ከዳው። ባንቺዓለም ጭንቅላቱ ሲሰምጥ አየች፤ ለአንድ አፍታ ሌላ ጭንቅላት፥ ሌላ ወንዝ ታያት። ጠፍሩን በሁለት እጇ ያዘች፥ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ተከለች፥ መዳፏ እስኪላጥ ሳበች። ጓዴ እያሳለ ተነሳ። ወደኋላ አልተመለሰም፤ ወደ ማዶ ተንፏቀቀና ወጥቶ ጫፉን ከዛፍ ጋር አሰረላት። እሷም የግራሩን ጫፍ ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረችና ጠፍሩን ተከትላ ተሻገረች።

ከተንጠለጠለ ዓለት ሥር ተጠለሉ። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። የጓዴ አቅማዳ ረጥቦ ከስፌቱ ነጭ አረፋ ይወጣል። ባንቺዓለም አሸተተችው። በዚያ አገር ያደገ ሰው አይስተውም፤ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ነው። የተኛ ውሃ ላይ ሲበትኑት አሳውን አስክሮ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ያወጣዋል።

«አንተ ሰው!» ብድግ አለች። «እኔ ወንድሜን እፈልጋለሁ፥ አንተ በዚያው አሳ ልታጠምድ ነው?»

ጓዴ የበረዶውን ውሃ ከፊቱ ጠረገ።

«ተናገር እንጂ!»

«ባልነግርሽ ይሻል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ታች ቆላው ያለው ጥልቅ ጢማሙ አሳ፥ አምባዛ፥ የሞላበት ነው። አምባዛ መራጭ አይደለም፥ ያገኘውን ይበላል። እኔ ውሃ የወሰደው ሰው ከዚህ በፊት አውጥቻለሁ፤ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ አውቃለሁ። እሱ ያለበትን ስናገኝ በዙሪያው ልበትነው ነው። እስክናወጣው ድረስ አንዱም እንዳይነካው።»

ባንቺዓለም ተቀመጠች። የበሶውን ስልቻ ፈታች፥ በጥብጣ ለሱ ቀድማ ሰጠችው።

በማግስቱ ፏፏቴውን ወረዱ። ዘንጊት እዚያ ከገደሉ ራሷን ትጥላለች፤ ጉሙ ከታች ተነስቶ ፊት ያርሳል፥ ድምፁ ንግግር ያግዳል። መንገዱ ፍየል የሚጠራጠረው መንገድ ነው። ከበላያቸው ዝንጀሮዎች እየጮኹ ድንጋይ አንከባለሉባቸው፤ አንዱ ባንቺዓለም ራስ አጠገብ ፈንድቶ ገደል ገባ። ከገደሉ ግርጌ አየሩ ተለወጠ፤ ሙቀቱ እንደ ቆዳ ተጣበቀባቸው። በሩቅ፥ በሁለት ተራራ መሃል፥ የዓባይ ሸለቆ እንደተከፈተ አፍ ይታያል።

ትልቁ ጥልቅ ጋ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። አንድ የጥንት ሾላ ሥሩን እንደ ጣት ውሃው ውስጥ ዘርግቷል። ውሃው እዚህ ይተኛል፥ ይዞራል፥ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ዓባይ ይፈሳል።

ባንቺዓለም ቀድማ አየችው። ከሥሮቹ መሃል ነጭ ነገር ውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። በዙሪያው ጥቁርና ልሙጥ ጀርባዎች ይገለበጣሉ፤ ጢማቸውን እያወጡ ተመልሰው ይጠልቃሉ። አምባዛዎቹ ተሰብስበዋል።

«ፋንታ!» ብላ ገባች።

«ቁሚ! አንቺ ልጅ፥ ቁሚ!»

አልሰማችም። ውሃው ወገቧን ያዘ። ነጩን ነገር ለመያዝ ስትዘረጋ በማዶው አሸዋ ላይ ግንድ መስሎ የተጋደመው ተንቀሳቀሰ፥ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውሃው ተንሸራተተ። ጓዴ አየው። ጦሩን ይዞ ዘለለ፥ በእሷና በአዞው መሃል ወደቀ። ውሃው ታመሰ። ባንቺዓለም የተከፈተ መንጋጋ አየች፥ የጦሩ ብረት ከዓይኑ ሥር ሲገባ አየች፥ ከዚያ ጭራው ውሃውን ሰንጥቆ ሁለቱንም ጣላቸው። ስትነሳ ጓዴ የሾላውን ሥር አቅፎ ይጮኻል። አዞው ጦሩን እንደተሰካበት ወደ ታች ወርዷል። ከብብቱ ገብታ ጎተተችው፤ አሸዋው ላይ አወጣችው። ከጉልበቱ በላይ ሥጋው ተተርትሯል።

ከአቡጀዲው ቀድዳ አሰረችለት። ለወንድሟ መግነዝ የያዘችው ጨርቅ በጓዴ ደም ቀላ።

«አቅማዳውን» አለ ጓዴ ጥርሱን ነክሶ። «አቅማዳውን ስጪኝ። ከነሱ ጋር አንተወውም።»

እየተሳበ የሾላው ሥር ላይ ወጣና ብርብራውን በእፍኝ በእፍኝ በተነው። ውሃው አረፋ ደፈቀ። ቀስ በቀስ አምባዛዎቹ መንገዳቸውን ሳቱ፤ በጎናቸው ዋኙ፥ ከዚያ አንድ በአንድ ነጭ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆነ። ባንቺዓለም በረጅም እንጨት ነጩን ነገር ስባ አወጣችው።

የፋንታ ኩታ ነው። ጥለቱን የሸመነውን ሰው ሳይቀር ታውቀዋለች። ከኩታው ሥር ግን ምንም አልነበረም። ጓዴ በጠፍሩ ድንጋይ አስሮ የሥሩን ጉድጓድ ሁሉ ፈተሸ። ሥር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ዓባይ ነው።

ባንቺዓለም ኩታውን ጨምቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። አላለቀሰችም። ኩታ ብቻ ይዛ ብትመለስ እናቷ ምን እንደሚሉ አውቃለች፦ ኩታውን ጥሎ ይሆናል፥ አሁን ብርድ ይይዘዋል፥ አድርሺለት።

«እጃችሁን!»

ከበላያቸው ካለው ዓለት ሦስት ሰዎች ወረዱ። ከፊት ያለው ምንሽር ደግኗል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፥ ጺሙን ያሳደገ የቆላ ሰው ነው። ሣህለ ማርያም ይባላል፤ ያን ጥልቅ የሚጠብቀው የእሱ መንደር ነው። በመሬት ግብሩ ግርግር ዘመን ከደጋ የመጣ እንግዳ ሁሉ የመንግሥት መሬት ለኪ ነው ብለው ያባረሩ ሰዎች ናቸው። ሣህለ ማርያም የተገለበጡትን አሳዎች አየ፥ አረፋውን አየ፥ ከዚያ ጓዴን አየ።

«አንተን አውቅሃለሁ» አለ። «የደጋው መርዘኛ። ባለፈው በጋ ከላይ በትነህ ከብታችን የጠጣውን ውሃ ያበላሸህብን። ያን ጊዜ ብትያዝ ምን እናደርግሃለን ብለን ነበር?»

«ውሃው ውስጥ እናስገባዋለን ብለን ነበር» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጥሩ ነው» አለ ጓዴ ሳይነሳ። «አዞው ጀምሮታል፥ እናንተ ጨርሱት።»

ሣህለ ማርያም ቃታውን ሳበ። ባንቺዓለም ተነስታ ከአፈሙዙ ፊት ቆመች። እጇ ላይ ያለው ኩታ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ለአሳ አይደለም የበተነው» አለች። «ወንድሜ እዚህ አለ ብለን ነው። እንዳይበሉት ነው። በሩፋኤል ቀን ላናታችን ጉልበት ውሃ ሊቀዳ ገብቶ ወሰደው። እናታችን ሞቷል ብላ አታምንም፤ ደጅ ተቀምጣለች። ይህን ሽማግሌ ከገደላችሁ መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ፥ ይዤላት የምሄደው ነገር የለኝም።»

ሰዎቹ ተያዩ። የጠመንጃው አፍ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ውሃ ሊቀዳ ነው ያልሽው?» አለ ሣህለ ማርያም። ድምፁ ሌላ ሆነ።

«አዎ።»

«በምን?»

«በቅል።»

ሣህለ ማርያም ባርኔጣውን አወለቀ። «እህቴ» አለ፥ «ኑ፥ ተከተሉኝ። ሰውየውን ደግፉት።»

የቆላው ቤተ ክርስቲያን ከጥልቁ በላይ ኮረብታ ላይ ነች፤ ጣሪያዋ ሣር፥ ዙሪያዋ ወይራ። ከምሥራቁ በኩል አዲስ አፈር ተከምሯል፤ ላዩ ላይ እሾህ ተደርጎበታል። ቄስ ወልደ ሰንበት መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

«ከሩፋኤል ማግስት ነው ያገኘነው» አሉ። «ከሾላው ሥር ተይዞ ነበር። ሰው አያየውም ነበር፤ ቅሉ ነው ያሳየን። እጁ ላይ ታስሮ እላይ ተንሳፍፎ ነበር። ልጆቹ ቅል ሊይዙ ሲገቡ ሰው ተከትሎ መጣ። አንገቱ ላይ ማተብ አየን። የክርስቲያን ልጅ ነው አልን። ገንዘን፥ ፈትተን ቀበርነው።»

«ስሙን ሳታውቁ?» አለች ባንቺዓለም።

«ስሙን ሳናውቅ። ‹ስሞ አንተ ተአምር› ብዬ ነው የፈታሁት፤ ስሙን አንተ ታውቃለህ ብዬ። የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?»

«ገብረ ክርስቶስ።»

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ገብርከ ገብረ ክርስቶስ» አሉ ለራሳቸው እንደሚያጠኑት። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

የመንደሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አንዷ ተንበርክካ አፈሩን ደበደበች። «አልቅሰንለት ነበር» አለች ለባንቺዓለም። «የሰው ልጅ እንዴት ለቅሶ ሳያገኝ ይገባል? ስም ስላልነበረን ‹የማን ልጅ ይሆን› እያልን ነው ያለቀስነው።» ባንቺዓለም ያን ጊዜ ወደቀች። ከሩፋኤል ጀምሮ ያመቀችው ለቅሶ ወጣ፤ ኮረብታው መለሰው።

አውጥታ ልትወስደው ለመነች። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያረፈን አናስነሳም፥ ልጄ። ደግሞም ገደሉን በዚህ ሙቀት…» አልጨረሱትም። ሣህለ ማርያም ከቤተ ልሔሙ ገብቶ ቅሉን ይዞላት ወጣ። ጠፍሩ እጁ ላይ ከታሰረበት ተቆርጧል። ውታፉ ግን እንደነበረ ነው። ባንቺዓለም ወዘወዘችው። ውስጡ ውሃ አለ።

«አልከፈትነውም» አለ ሣህለ ማርያም። «ሰው ለምን ብሎ እንዲህ አጥብቆ እንደያዘው አናውቅማ።»

ጓዴ መሄድ አልቻለም። ከሣህለ ማርያም ቤት አጎዛ ላይ አስተኝተውታል፤ እግሩ አብጧል፥ ትኩሳት ጀምሮታል። ባንቺዓለም ልትሰናበተው ገብታ እጁን ያዘች።

«ጋሼ ጓዴ» አለችው። «ስመለስ በቅሎ ይዤ እመጣልዎታለሁ።»

«ነይ» አለ። ሁለቱም በቅሎዋ እንደማታስፈልግ ሳያውቁት አልቀሩም። «እናትሽን ንገሪያት። ዘንጊት ቀዝቃዛ ናት፥ የምንጭ ውሃ ነው። ቶሎ ታደነዝዛለች። አልተሠቃየም በያት።»

«እውነት ነው ጋሼ?»

ጓዴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በያት» አለ።

ሽቅብ ስትመለስ ከሣህለ ማርያም ሰዎች አንዱ እስከ ፏፏቴው ሸኛት፤ ከዚያ ብቻዋን ሄደች። ዘንጊት ጠርታለች። ከፋንታ ድንጋይ ሥር ትንንሽ ነጭ አሳዎች አፋቸውን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙረው ቆመዋል። ባንቺዓለም ቆማ አየቻቸው። ቅሉን ከደረቷ አስጠግታ ይዛለች፤ በየእርምጃዋ ውስጡ ያለው ውሃ ይሰማል።

ወለተ ሐና ከመድረኩ አልተነሱም። ልጃቸው በአጥሩ ስትገባ መጀመሪያ ያዩት ፊቷን አልነበረም፤ እጇን ነው። ባንቺዓለም ተንበርክካ ቅሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሊቷ በጣታቸው ውታፉን ዳሰሱ፥ የተቆረጠውን ጠፍር ዳሰሱ። ቅሉን ወደ ጆሯቸው አንስተው ወዘወዙት።

«ቀድቶልኛል» አሉ።

ለቅሶ የተከለከለባቸው ጎረቤቶች ከአጥር ውጭ ቆመው ያያሉ። ወለተ ሐና ቅሉን እንዳቀፉ በከዘራቸው ተነሱ። ውሃውን ለጉልበታቸው አላደረጉትም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ መቀነታቸውን ፈትተው ወደ ደጁ መሃል ወጡ፤ ልጃቸውንም በስሙ ጠርተው ጮኹ። ጎረቤቶቹ አጥሩን አልፈው ገቡ።